አንዲት የመጻፍ ፈቃድ

ይህን ታሪክ ለሙያ ጓደኞቼ ሳወራ ለዓመታት "ሲስተሙ ምንም ሳይነግረን ፋይሉን ዘሎት ሄደ" እል ነበር። የሰማኝ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ አዘነልኝ። ሰርቨር ሲያስተዳድር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ሳይገጥመው አይቀርምና ማንም "እንዴት?" ብሎ አላፋጠጠኝም። አሁን የምጽፈው ያ ወሬዬ ውሸት ስለሆነ ነው። ሲስተሙ ተናግሯል። ያልተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ባለመናገሬም አንድ ወጣት ባላጠፋው ጥፋት እንጀራውን አጣ።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ሥራ ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ነው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ክፍላችን እኔና ከዩኒቨርሲቲ ገና የተመረቀ አንድ ልጅ ብቻ ነበርን። ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዴቢያን ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር ነበረን። የታካሚው ካርድ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ፣ የክፍያ ደረሰኙ ሁሉ የሚገባው እዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሌሊት ሌሊት የዳታቤዙ ሙሉ ባክአፕ በጎን በተሰካ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ልጁ በየዓርቡ ያንን ዲስክ ነቅሎ ገንዘብ ያዥዋ ዘንድ ካዝና ውስጥ ያስቀምጥና ባለፈው ሳምንት ያስቀመጠውን አውጥቶ ይሰካል። በለወጠ ቁጥር በደብተር ላይ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። አንድም ዓርብ አላጓደለም።

ባክአፑን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን የሚባለው መሣሪያ ነው። የዩኒክስ ዕድሜ ጠገብ መሣሪያ ነው፤ ዴቢያን ውስጥ የምናገኘው ፖል ቪክሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ከጻፈው የወረደ ነው። በየደቂቃው ነቅቶ ለዚያች ደቂቃ የታዘዘ ሥራ ካለ ያስነሳል፣ ከሌለ ተመልሶ ይተኛል። ትእዛዙን የሚያነበው ከተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የእኛ ፋይል አንዲት መስመር ናት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የባክአፑን ስክሪፕት አስነሳ ትላለች።

ክሊኒኩ የሌሊት ተረኛ ሲጀምር ይህ ሰዓት አላመች አለ። ባክአፑ ሲነሳ የላብራቶሪው ኮምፒውተር ይንቀራፈፋል። ሰዓቱን ወዲያ ወዲህ እያደረጉ መሞከር አስፈለገ፤ ፋይሉ ላይ መጻፍ የሚችለው ግን ሩት የሚባለው፣ በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ብቻ ነው፣ የሩት የይለፍ ቃል ደግሞ በእኔ እጅ ነው። ልጁ ተረኛ ሆኖ ባደረ ቁጥር ይደውልልኝ ጀመር። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከእንቅልፍ ቀሰቀስኩዎት" ይላል። በሌሊት መደወሉ እሱንም እያሳቀቀው እንደሆነ ይገባኝ ነበር። አንድ ምሽት፣ እንዲህ ከሚሆን ራሱ ያስተካክለው ብዬ፣ እሱ ያለበት ቡድን በዚያ ፋይል ላይ የመጻፍ ፈቃድ እንዲኖረው አደረግኩ።

ሊኑክስን ለማያውቅ አንባቢ ይህችን ነገር ትንሽ ላብራራት፤ ሁሉም የመጣው ከእሷ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ዓይነት ሰው ይለያል፤ ባለቤቱን፣ ቡድኑንና የቀረውን ሰው ሁሉ። ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው ፈቃድ በቁጥር ይጻፋል፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። የእኛ ፋይል 644 ነበር፤ ባለቤቱ ሩት ያነባል ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል ብቻ። እኔ ቺሞድ በሚባለው ትእዛዝ 664 አደረግኩት። መካከለኛዋ 4 ወደ 6 ተለወጠች። ያደረግኩት ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሌሊቱ ባክአፕ በቦታው መኖሩን አየሁ። አለ። ምንም አልተበላሸም ብዬ ተውኩት። ልጁም ያንን ፈቃድ አንድም ቀን አልተጠቀመበትም፤ የላብራቶሪው ኮምፒውተር በአዲስ ስለተተካ መንቀራፈፉ ቀረ፣ የሰዓቱም ጉዳይ ተረሳ።

ባክአፑ በማግስቱ ለምን እንደሠራ የገባኝ እጅግ ዘግይቶ ነው። ክሮን ፋይሉን በየደቂቃው እንደ አዲስ አያነበውም፤ አንድ ጊዜ ያነበበውን በማስታወሻው ይዞ ይሠራበታል። ድጋሚ የሚያነበው እንደገና ሲነሳ ወይም የፋይሎቹ ይዘት የተለወጠበት ሰዓት ሲንቀሳቀስ ነው። ፈቃድ መቀየር ደግሞ የይዘቱን ሰዓት አይነካም። ስለዚህ ያን ጠዋት የሞከርኩ የመሰለኝ አዲሱን ሁኔታ ሳይሆን ክሮን ቀድሞ በልቡ የያዘውን አሮጌውን ነበር። ጥፋቱ ተቀብሮ ቆየ፤ ሰርቨሩ አንድ ቀን ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ።

ከሳምንታት በኋላ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ለመነሳት ዘገየ፣ የዩፒኤሱ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር አልጠበቀውም፣ ሰርቨሩ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ራሱ ተነሳ፤ ዳታቤዙ ተነሳ፤ ካርድ ክፍሉ ሥራውን ቀጠለ። ክሮንም ተነስቶ ፋይሎቹን እንደ አዲስ ሲያነብ የእኛው ላይ ደረሰ፤ ከሩት ሌላ ቡድን ሊጽፍበት እንደሚችል አየ፤ ሎግ በሚባለው የሥራ መዝገቡ ላይ "ኢንሴክዩር ሞድ" (አስተማማኝ ያልሆነ ፈቃድ) ብሎ የፋይሉን ስም ጠርቶ አንዲት መስመር ጻፈና ትቶት አለፈ። ከዚያ ሌሊት ወዲያ ባክአፕ የሚባል ነገር አልነበረም።

ክሮን ያደረገው ትክክል ነው። ይህን ያለ ማመንታት መናገር እፈልጋለሁ፤ በወሬዬ ውስጥ ሁልጊዜ ወንጀለኛው እሱ ነበርና። እዚያ ፋይል ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ የሚፈጸመው በሩት ሥልጣን ነው። በፋይሉ ላይ መጻፍ የሚችል ሁሉ እንግዲህ የሰርቨሩ ጌታ ነው፤ የፈለገውን መስመር ጨምሮ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። ማኅተሙ ተከፍቶ የመጣን ደብዳቤ አልፈጽምም እንደሚል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው ክሮን፤ ደብዳቤው ውስጥ ያለው ቃል ትክክል ይሁን አይሁን መመርመር የእሱ ፋንታ አይደለም። ይህን ሕግ አውቀው ነበር። በፈተና ቢጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እመልሰዋለሁ። ያን ምሽት ግን ሕጉ ትዝ አላለኝም፤ ትዝ ያለኝ ልጁ በሌሊት መደወሉ ብቻ ነበር።

ጠባዩ የክሮን ብቻም አይደለም። ከርቀት የሚገባበት የኤስኤስኤች ሰርቨር የተጠቃሚው የቤት ማኅደር ሌላ ሰው የሚጽፍበት ሆኖ ካገኘው በውስጡ ያለውን የቁልፍ ዝርዝር አያምንም። ተጠቃሚው የሚያየው "አልተፈቀደም" የሚል ቃል ወይም የይለፍ ቃል ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ የሚጻፈው ሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ነው። በር ላይ ለቆመ ሰው፣ ያውም ሌባ ሊሆን ለሚችል ሰው፣ ለምን እንዳልተከፈተለት መንገር አይገባምና። ማይኤስኪውኤል ማንም ሊጽፍበት የሚችል የማዋቀሪያ ፋይል ካገኘ አንዲት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ፋይሉን እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በነባር ቅንብሩ ይነሳል፣ ባለቤቱም ያስቀመጥኩት ቅንብር የት ገባ እያለ ሲባዝን ይውላል። ሎጎችን የሚያዞረው ሎግሮቴት እንዲሁ ነው። የፖስትግሬስ የይለፍ ቃል ፋይል ከ600 በላይ የላላ ፈቃድ ካለው አይነበብም። አንዳንዱ ደግሞ የሚተወው በስም ነው፤ የሩትን ሥልጣን ለሌላ ተጠቃሚ የሚያውሰው ሱዶ በቅንብር ማኅደሩ ውስጥ ስሙ ላይ ነጥብ ያለበትን ፋይል ያልፈዋል፣ የዴቢያን ዕለታዊ ሥራዎችን የሚያስኬደውም ስማቸው በነጥብ ኤስኤች የሚያልቁ ስክሪፕቶችን አይነካም። በኢሜይል ዘመን መባቻ ስሙ የገነነው ሴንድሜይል ይህን ጥንቃቄ ማላላት የሚፈልግ አስተዳዳሪ "ዶንት ብሌም ሴንድሜይል" የሚባለውን ቅንብር በገዛ እጁ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ሲስተምዲ በተቃራኒው ማንም ሊጽፍበት የሚችል የማዋቀሪያ ፋይል ሲያገኝ አስጠንቅቆ "ቢሆንም እቀጥላለሁ" ይልና ይቀጥላል። የትኛው ይሻላል ብባል፣ ያ ሁሉ ደርሶብኝም፣ ክሮንን እመርጣለሁ።

መስመሯን ማንም አላነበባትም። ሰርቨር ሲነሳ በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ይጽፋል፤ እሷ ከመካከላቸው አንዷ ናት። ዴቢያን ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ ሎጎቹን በየሳምንቱ እያዞረ አራት አሮጌ ብቻ ያስቀምጣል፤ ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ በኋላ ስፈልጋት ጊዜዋ አልፎ ነበር። በዓይኔ ያየኋት ቆይቶ፣ በሙከራ ማሽን ላይ ያንኑ ጥፋት ሆን ብዬ ስደግም ነው። ወጥታ ተነበበች። ግልጽ ናት፣ የፋይሉን ስም ትጠራለች፣ ምክንያቱን ትናገራለች።

ከዚህ የባሰው የስክሪፕቱ አሠራር ነው። መጀመሪያ ላይ ባክአፑ ባለቀ ቁጥር ኢሜይል ይልክልኝ ነበር። በየቀኑ "ተሳክቷል" የሚል ደብዳቤ ማየት ሲሰለቸኝ ሳይሳካ ሲቀር ብቻ እንዲልክ አድርጌ ቀየርኩት። ጨርሶ ያልተነሳ ስክሪፕት ግን አለመነሳቱን ሊነግረኝ አይችልም። ኢሜይል ያልመጣበትን እያንዳንዱን ጠዋት ባክአፑ ደኅና ነው ብዬ ቆጠርኩት። ሎጉን ማንም እንዳያነበው፣ ኢሜይሉም እንዳይመጣ ያደረግኩት እኔው ነኝ።

ይህንንም ቢሆን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲሱ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲያጠፋ፣ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ጨርሶ ሳይወሰድ እንደኖረ ተገኘ። ዳታቤዙ የፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን ቅጂ የሚወስደው መሣሪያ የ9.2 ነበር፤ አልተግባቡም። ይህን የሚናገሩት የስህተት ኢሜይሎች ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር ማረጋገጫ ስላጣባቸው እየተመለሱ ለማንም አልደረሱም። ኩባንያው ስድስት ሰዓት ያህል ዳታ አጥቶ፣ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሕዝብ አወጣ። ያንን ዘገባ ያነበብኩት የእኛ ነገር ከመድረሱ በፊት ነው። አድንቄ ለልጁም አስነብቤዋለሁ። "ሰው ጥፋቱን እንዲህ ነው የሚናገረው" ብዬዋለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ካርድ ክፍሉ "ሲስተሙ ቆመ" ብሎ ጠራን። የታካሚዎቹ ዳታ ያለበት ዲስክ ሞቷል። ሲስተሙ ራሱ ያለበት ሌላ ዲስክ ስለሆነ ሰርቨሩ ይነሳል፤ ዳታው ግን የለም። አልደነገጥኩም፤ ባክአፕ አለና። ከካዝናው ያወጣነውን ዲስክ ሰካሁት። መጨረሻ ላይ ያለው ፋይል መብራት ከጠፋበት ቀን ዋዜማ ያለ ነው። ሁለተኛውን ሰካሁ፤ እሱም ከዚያ ያለፈ የለውም። መካከል ያሉት ወራት የሉም።

ያን ምሽት ሁሉም ሲሄድ ብቻዬን ቀረሁ። የክሮኑን ፋይል ዘረዘርኩት፤ 664። ስታት በሚባለው ትእዛዝ ጠየቅኩት። ስታት ስለ አንድ ፋይል ቢያንስ ሦስት ቀን ይነግራል፤ መቼ እንደተነበበ፣ ይዘቱ መቼ እንደተለወጠ፣ ፈቃዱንና ባለቤቱን የመሰለው ውጫዊ ነገር መቼ እንደተነካ። ይዘቱ የተለወጠበት ቀን እኔ መጀመሪያ የጻፍኩበት፣ የድሮ ነው። ፈቃዱ የተነካበት ግን ያ ምሽት ነው፤ ሰዓቱም እኔ ብቻዬን ቢሮ ያመሸሁበት ሰዓት ነው። የሱዶው ሎግ ቀድሞ ተዙሮ ጠፍቷል፤ የቀረው ምስክር ይህ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ፈቃዱን ወደ 644 መለስኩት። መመለሱ ትክክል ነው፤ ባክአፑ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንዲሠራ የግድ ነበር። ነገር ግን ፈቃዱን ስመልስ ያ ሦስተኛው ቀን በዛሬ እንደሚተካ አውቅ ነበር። ከመመለሴ በፊት በወረቀት መገልበጥ፣ በስልኬ ፎቶ ማንሳት እችል ነበር። እጄ ከቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተጫንኩት። ስህተቴ 664 ማለቴ ነው፣ ኃጢአቴ ግን ይሄኛው ነው። የመጀመሪያውን ያደረግኩት ሳላስተውል ነው፤ ሁለተኛውን እያወቅኩ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ዶክተር ጠሩን። እሳቸው ኮምፒውተር አያውቁም፣ ማወቅም አይጠበቅባቸውም፤ የጠየቁት ተገቢውን ጥያቄ ነው። "ባክአፑን የሚይዘው ማን ነው?" አሉ። እኔም "ዲስኩን በየዓርቡ የሚለዋውጠው እሱ ነው" አልኳቸው።

ቃሉ እውነት ነው። ዲስኩን የሚለዋውጠው እሱ ነው። ከዚያ የበለጠ እውነት የሚመስል ውሸት በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

ዶክተር ወደ ልጁ ዞሩ። "ስትለዋውጥ በውስጡ ያለውን ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ?" አሉት። "አላየሁም፣ ዶክተር" አለ። ዲስኮቹ በይለፍ ቃል የተቆለፉ ነበሩ፤ ቃሉን የምናውቀው እኔና ሰርቨሩ ብቻ ነን። ልክፈት ቢል እንኳ አይችልም። ይህን መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። አለቃውን በሰው ፊት ማሳጣት ነውር መስሎት እንደሆነ በኋላ ነገረኝ። እኔ ያን ጊዜ ጠረጴዛውን እያየሁ ነበር።

የደረሰው ጉዳት በቁጥር አይነገርም። የላብራቶሪው የወረቀት መዝገብ ስለነበረ አብዛኛው ውጤት ተመልሶ ገባ፤ ነርሶቹና የካርድ ክፍል ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ እያመሹ አንድ በአንድ ጻፉት። ሐኪሙ በካርዱ ላይ የመዘገበው፣ የመድኃኒቱ መጠን ለምን እንደተለወጠ ያሰፈረው ማስታወሻ ግን በወረቀት አልነበረም። የስኳር፣ የኩላሊት፣ የደም ግፊት ክትትል ያላቸው ሰዎች ቁጥራቸው ከትናንቱ ጋር ካልተያየ ትርጉሙ ይጎድላል። አንዳንዶቹ ክንዳቸውን ዘርግተው እንደገና ደም ሰጡ፤ ክሊኒኩ ገንዘብ ባይጠይቃቸውም መርፌው መርፌ ነው። አንዲት እናት የእያንዳንዱን ውጤት ወረቀት በፌስታል ቋጥረው ያስቀመጡ ስለነበር ይዘውት መጡ። ወረቀቶቹን በየቀናቸው ደርድረው ሲሰጡኝ ተቀብዬ አመሰገንኳቸው። ያ ሥራ የእኔ እንደነበረ አልነገርኳቸውም።

በበጀት ዓመቱ መጨረሻ የልጁ ኮንትራት አልታደሰም። የሥራ አፈጻጸም ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ለሰዓት አክባሪነቱ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። "ጥንቃቄ" በሚለው ረድፍ ላይ ግን መካከለኛ አደረግኩት። ሙሉ ብሰጠው "ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?" የሚል ጥያቄ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነው። ሲሰናበተኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ "ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ" አለኝ። "አይዞህ፣ ሌላ ይገኛል" ብዬው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን አስተካክያለሁ። አሁን የማስተዳድረው ባክአፕ በሚያልቅበት ጊዜ ሁሉ ለሌላ ማሽን "ጨርሻለሁ" ይላል፤ ያ ማሽን በሰዓቱ ካልሰማ እሱ ነው የሚጮኸው። በየወሩ አንዱን ባክአፕ ባዶ ሰርቨር ላይ መልሰን እናነሳለን፤ የሚያነሳው ከእኔ በታች ያለው ሠራተኛ ነው፣ የይለፍ ቃሉም ታሽጎ በካዝና አለ። ይህን ሁሉ ሳደርግ የተካስኩ ይመስለኝ ነበር። ለአዳዲስ ልጆች ስለ ፋይል ፈቃድ ሳስተምርም ያቺን ታሪክ እንደ ምሳሌ እጠቅሳት ጀመር፤ "ሲስተሙ ምንም ሳይነግረን" እያልኩ። በደንብ ስለምተርካት ልጆቹ ይጽፏታል። በእኔ አፍ ውስጥ ልጁ ከታሪኩ ወጣ፤ የቀሩት እኔና ማሽኑ ብቻ ነበሩ።

ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ስለ ቁጥሮቹ ብዙ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ ስለ ፋይሉ አልነበረም። "ልጁ ያውቃል?" አሉኝ። አያውቅም አልኳቸው። "እንግዲያ ገና አልጀመርክም" ብለው አሰናበቱኝ።

ቁጥሩን ከድሮ ባልደረባ አግኝቼ ደወልኩለት። የኮምፒውተር ሥራውን ትቶታል፤ ዘመዱ በከፈቱት የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው የሚሠራው። ድምፄን ሲሰማ ደስ አለው፤ ያ ደስታው ነገሩን አከበደብኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ 664 ያደረግኩበትን ምሽት፣ መብራት የሄደበትን ቀን፣ ስታት ያሳየኝን፣ ያንን መልሼ ያጠፋሁትን፣ በዶክተር ፊት የተናገርኩትን፣ በቅጹ ላይ የሞላሁትን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የመጀመሪያ ቃሉ "ታዲያ በማግስቱ ለምን ሠራ?" የሚል ጥያቄ ነበር። እኔ ያን ጠዋት ልጠይቀው የሚገባኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ እሱ በስልክ፣ ሥራውን ከተወ ከዓመታት በኋላ፣ ወዲያው አገኘው። ክሮን ያነበበውን በማስታወሻው እንደሚይዝ፣ ፈቃድ መቀየር የይዘቱን ሰዓት እንደማይነካ ነገርኩት። "ለካ ለዚህ ነው" አለ።

ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ ዲስኩን ክፈቱልኝና ልየው ሳልል ቀርቼ ነው እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነው የኖርኩት። በሽተኞቹን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነበር።" ይህን ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም፤ እንዲልም አልጠበቅኩም። "በስልክ የነገሩኝን በወረቀት ይጻፉልኝ" አለ። "ለእኔ አንድ፣ ለዶክተር አንድ። ስምዎና ፊርማዎ ይኑርበት።"

ጻፍኩት። ቁጥሮቹን፣ የትእዛዙን ስም፣ ያጠፋሁትን ምስክር፣ ዲስኮቹ የተቆለፉ እንደነበሩና ቁልፉ በእኔ እጅ እንደነበረ ሁሉ አስገባሁ። የአፈጻጸም ቅጹ ላይ የሰጠሁት ነጥብ ሐሰት መሆኑን፣ እንዲታረምም እንደምጠይቅ ጻፍኩ። የእሱን በእጁ ሰጠሁት። የዶክተርን ራሴ ይዤ ሄድኩ፤ አሁንም እዚያው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አንዳንዱን ቦታ መለስ ብለው ደገሙት። ስለ ክሮን አልጠየቁኝም፣ ስለ ፈቃድም አልጠየቁኝም።

"ያን ቀን እዚህ ጠርቼ ስጠይቃችሁ ያውቁ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር" አልኳቸው።